የአጋፋሪ ቆሽት

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን፣ በማዕዶት ሰኞ ማለዳ፣ ከቡራዩ ወደ ምዕራብ የገፈርሳ ውኃ በባሕር ዛፍ ተከቦ ጉሙን ገና ሳይገልጥ፣ የሻለቃ ባሻ የሺጥላ ውሻ ሲሰግድ ተገኘ።

መጀመሪያ ያዩት የሻለቃ ባሻ ባለቤት ወይዘሮ ዱርሲቱ ናቸው። ለዶሮዎቹ ጥሬ ሊበትኑ ወደ ጓሮ ቢወጡ፣ ያ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ውሻ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን አፈር አስነክቶ፣ ቂጡን ግን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆሟል፤ ጥቂት ቆይቶ ይነሣል፣ ይዞራል፣ ደግሞ ይደፋል። ጥሬው ከእጃቸው ፈሰሰ፤ ዶሮዎቹ እንኳ ደፍረው አልቀረቡም።

«ያ ረቢ! ሻለቃ ባሻ! ኧረ ይውጡ፣ ውሻው ይሰግዳል!»

ሻለቃ ባሻ አንድ እግራቸውን ብቻ ተጫምተው ወጡ።

«ማነው የሚሰግደው?»

«አጋፋሪ ነዋ! አያዩትም?»

«ዛሬ? በበዓለ ሃምሳ?»

እውነትም ከሁሉ ያስደነገጣቸው ይኸው ነበር። በሰሙነ ሕማማት አገር ምድሩ በየቤቱ ግንባሩ እስኪላጥ ሲሰግድ፣ አጋፋሪ ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ዝንብ ሲያባርር ነው የከረመው፤ አሁን ጾሙ ተፈትቶ፣ ስግደት በሥርዓት በቀረበት ሰሞን መስገድ መጀመሩ ለሚያስተውል ሰው ቀላል ነገር አልነበረም። የሰው ልጅ ያላወቀውን ውሻው ዐውቆ ይሆን? ወይዘሮ ዱርሲቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ዘመኑም ዘመን ነበር። ኮሮና የተባለው በሽታ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ዓለሙን ሁሉ ቤት ያስገባበት ወራት ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ፣ እጅ ለእጅ እንዳይጨባበጥ ተከልክሎ፣ ቡራዩም ሱሉልታም ሰበታም አፋቸውን በጨርቅ ሸብበው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ሕዝቡ ለመድኃኒት ብሎ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ከመብላቱ የተነሣ፣ በሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስነጥስ መስተዋት ተሰንጥቋል ይባላል፤ መስተዋቱን ያየ የለም፣ ሽታውን ግን የረሳ የለም።

አጋፋሪ የሚለውም ስም ተራ የውሻ ስም አይደለም፤ የሹመት ስም ነው። በቀደመው ዘመን በግብር አዳራሽ በር ቆሞ እንግዳውን በየማዕረጉ የሚያስገባ፣ አንዱን ከራስጌ ሌላውን ከግርጌ የሚያስቀምጥ ሹም አጋፋሪ ይባል ነበር። ሻለቃ ባሻ ይህን ስም ለቡችላው ያወጡለት፣ ገና ዓይኑ በተገለጠ በወሩ እንግዳን በልብሱ ጫፍ እየጎተተ ከበር እስከ መደብ ማድረስ ስለ ጀመረ ነው። ሲያድግማ ለዕድር ዳኛ አንድ ጊዜ፣ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢ ሁለት ጊዜ ይጮኽ ነበር፤ ቄስ ሲመጡ ዝም ብሎ ጭራውን ይሰበስባል፤ ብድር ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ሰውየው ገና ከሆለታ ሳይነሣ ማጉረምረም ይጀምር ነበር ብለው የሚምሉ አሉ።

ያ ሹም አሁን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ቢጫ አረፋ እያስመለሰ፣ ሲነኩት እንደ ሰው ያቃስታል። ሻለቃ ባሻ በጦር ሜዳ መድፍ አጠገባቸው ሲፈነዳ ሽሮአቸውን አላቋረጡም ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ሁለተኛ ጫማቸውን እንኳ አላስታወሱም። ተንበርክከው የውሻውን ራስ ያዙና፣

«መርዝ ነው!» አሉ፤ ትንፋሻቸውን ሳይመልሱም፣ «ኢቲቻ ነው!»

ኦቦ ኢቲቻ የአጥር ጎረቤታቸው ናቸው፤ ላም አላቢ፣ ወተት በጋሪ አመላላሽ፣ የሻለቃ ባሻ የዕድሜ እኩያና የሃያ ዓመት ተሟጋች። በታኅሣሥ አጋፋሪ ለገና የተቀለበች ዶሮአቸውን ከነላባዋ ስለ ዋጠ፣ በዕድሩ ሸንጎ ፊት ተነሥተው፣ «ይኼን ውሻ አንድ ቀን እኔው በእጄ እቀብረዋለሁ!» ብለው መማላቸውን ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ሻለቃ ባሻ ዱላቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ገሠገሡ፤ ደርሰውም አዋጁን አስታውሰው ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ማስካቸውን አስተካከሉና ጮኹ። ጩኸቱ ሱሉልታ ላይ ላም አስደንብሯል።

«ኢቲቻ! ውጣ!»

ኦቦ ኢቲቻ የወተት ገንቦ በእጃቸው እንደ ያዙ ብቅ አሉ። «ማሎ! ምን ሆንክ በማለዳ?»

«ውሻዬን ገደልክ!»

ገንቦው ከኦቦ ኢቲቻ እጅ ወደቀ፤ የማለዳ ወተት በአጥሩ ሥር ሾልኮ ፈሰሰ። «አጋፋሪ ሞተ?»

«ገና ነው፤ ሊሞት ግን ነው። እቀብረዋለሁ አላልክም?»

«ብልስ! አምና አንተን ራስህን እቀብርሃለሁ አላልኩህም? ቀበርኩህ?»

«እና ምን አበላኸው?»

ኦቦ ኢቲቻ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰውም ዘጉት፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ሻለቃ ባሻ ይህን የፊት መለወጥ አይተው በልባቸው ያዙ።

«አሁን የወሬ ጊዜ አይደለም» አሉ ኦቦ ኢቲቻ ድምፃቸው ሰልሎ። «ከተማ የከብት ሐኪም አለች፤ ላሞቼን የምታይ። ዳማ ፈረሴን በጋሪው ልጥመድ። መንገድ ላይ እንደ ልብህ ትሰድበኛለህ።»

እንዲህ ሆኖ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ የወተት ጋሪ ተሳፈሩ። አጋፋሪ በሻለቃ ባሻ የፋሲካ ጋቢ ተጠቅልሎ በመካከላቸው ተጋደመ፤ ወይዘሮ ዱርሲቱ እስከ መንገዱ ድረስ እየተከተሉ፣ «ኧረ ቀስ! ኧረ ጉድጓድ!» ይላሉ፤ የሠፈሩም ሰው በየአጥሩ ቆሞ ራሱን እየያዘ ሸኛቸው። እንደዚያ ያለ አጀብ ያን ዓመት ለሰው ሬሳ እንኳ አልተፈቀደም።

በቡራዩ መግቢያ ገመድ ተወጥሮ፣ ወጣቶች የሙቀት መለኪያ ይዘው ቆመው ነበር። አለቃቸው የሚመስለው ወጣት እጁን ዘረጋ።

«ፋዘር፣ አንድ ጋሪ ላይ ሦስት ሰው? ርቀት የለም እንዴ?»

«በሽተኛ ይዘን ነው፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

ወጣቱ ወደ ጋቢው አየ፤ አየና አንገቱን ሰበረ። «ይቅርታ፣ ሽማግሌ ናቸው?»

«አዎ፣ አርጅቷል» አሉ ሻለቃ ባሻ።

«ስማቸው ማን ይባላል?»

ሻለቃ ባሻ ወታደር ናቸው፤ ለተጠየቁት ጥያቄ ብቻ ይመልሳሉ። «አጋፋሪ።»

«አጋፋሪ ማን?»

«አጋፋሪ የሺጥላ።»

«ምን ሆኑብዎ?»

«ያስመልሰዋል። ቆሞ መሄድ አቃተው። ሆዱ ነው።»

ወጣቱ መለኪያውን ወደ ጋቢው ስንጥቅ አስገብቶ ተኮሰ፤ አነበበ፤ ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ አነበበ። ሠላሳ ዘጠኝ ከአምስት!

«ሠላሳ ዘጠኝ!» ብሎ ሲጮኽ ገመድ ያዡ ገመዱን ጥሎ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ቆሞ ይጠብቅ የነበረ ሚኒባስ ተሳፋሪውን በበርም በመስኮትም አፈሰሰ፤ አንድ ሰባኪ መጽሐፉን ጥሎ ባሕር ዛፍ ላይ ወጣ፤ ማታ በመሰላል አወረዱት ይላሉ። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ጋቢው ተንቀሳቀሰ፤ ጢማም አፍንጫ ብቅ አለ፤ አጋፋሪም በተረፈችው ጉልበት አለቃውን አይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ ለዕድር ዳኛ የሚጮኸውን ጩኸት።

ወጣቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ውሻ ነው እንዴ?!»

«እኔ ሰው ነው አልኩህ?»

«ኧረ ፋዘር፣ ልቤን ልታቆሟት ነበር እኮ! ሂዱ በቃ፣ ሂዱ!» አለና፣ ጋሪው ጥቂት እንደ ሄደ ከኋላ ተጣራ፤ «እግዜር ይማርልዎ!»

ሐኪሟ ዶክተር ሳሊሃ የሰበታ ልጅ ነች፤ ቡራዩ ውስጥ በተከራየችው የቆርቆሮ ቤት የላምና የበግ ሕሙማን ትቀበላለች። አጋፋሪን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ድዱን ገልጣ አየች፤ ቆዳውን ቆንጥጣ ለቀቀች፤ ሆዱን በጣቶቿ ስትጫን ውሻው አቃሰተ፤ ሻለቃ ባሻም አብረው አቃሰቱ።

«መርዝ ነው አይደል?» አሉ፣ ኦቦ ኢቲቻን በጎን እያዩ።

«ትናንት ምን በላ፣ አባቴ?»

«ቤት ያለውን ነዋ። አንድ ቅልጥም።»

«ሌላስ?»

ሻለቃ ባሻ ሳሉ። ኦቦ ኢቲቻ በመስኮት ፈረሳቸውን ማየት ጀመሩ። ዶክተር ሳሊሃ ደም ቀድታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም በሁለት ማዕዘን ቆሙ፤ በመካከላቸው የአጋፋሪ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ስትመለስ ቅንድቧ ተሰብስቦ ነበር።

«መርዝ አይደለም» አለች፤ «ቆሽቱ ነው። ክፉኛ ተቆጥቷል። ዕድሜውም ስለ ገፋ ያሰጋኛል። ግሉኮስ ላምጣ፤ እስከዚያ ምንም እንዳትሰጡት።» ብላ ወጣች።

ሻለቃ ባሻ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።

«ቆሽቱ ተቆጣ አለች?» አሉ ሻለቃ ባሻ።

«ክፉኛ አለች።»

«ውሻ ቆሽቱ ያርራል እንዴ?»

«አሥራ ሦስት ዓመት ካንተ ጋር ኖሮ እንዴት አያርር!»

ይህን ያሉት ለነገር ነበር፤ ሻለቃ ባሻ ግን የምር ያዙት። ድንጋጤ ከእግር ጥፍራቸው ጀምሮ ሲወጣ ኦቦ ኢቲቻ አዩት። መርዝ ቢሆን ጠላት ይፈለጋል፤ ቆሽት ያረረ እንደ ሆነ ግን ያሳረረው የቅርብ ሰው ነው። ይህን በአማርኛ አፉን የፈታ ሁሉ ያውቀዋል።

ሻለቃ ባሻ ወደ ውሻቸው ጎንበስ አሉ፤ ማስካቸውንም አወረዱ።

«አጋፋሪ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ያኔ አዋጁ የወጣ ሰሞን ያልኩህ ነገር ነው አይደል? በሩ ላይ ቁጭ ብለህ እንግዳ ስትጠብቅ፣ 'ከእንግዲህ እንግዳ የለም፤ ሹመትህ ተሽሯል፤ ተኛ' አልኩህ። ለቀልድ ነው እኮ። አንተ ግን ጭራህን ወሽቀህ ሄድክ። በበነጋውም ቁጭ ብለህ ጠበቅህ። ይኸው፣ ሹመትህን መልሼልሃለሁ። ሰው ፊት ነው የምለው፤ ኢቲቻም ይስማ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

«ትናንትስ ከፍቶህ እንደ ሆነ ብዬ አይደል፣ ዱርሲቱ ሳታየኝ ከበጉ ላት ግማሹን ቆርጬ የሰጠሁህ?»

ኦቦ ኢቲቻ ከመስኮቱ ዞሩ። «ግማሽ ላት?»

«ግማሽ።»

ኦቦ ኢቲቻ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በጠረጴዛው ማዶ እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው ለሻለቃ ባሻ ሳይሆን ለውሻው ነበር።

«እኔም ይቅር በለኝ፣ አጋፋሪ። ስለዚያች ዶሮ ብዙ ነገር ተናግሬሃለሁ። ትናንት ማለዳ ልጆቼ ከዱከምም ከሰበታም መምጣት አልቻሉም፤ በጉን አርጄ፣ ማዕዱን ዘርግቼ፣ ብቻዬን ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ፋሲካን ያለ ሰው ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። የቆረስኩትን እንጀራ መልሼ አኖርኩት። ቀና ብል አንተ ደጄ ላይ ቁጭ ብለሃል። ዶሮዋን እንደ ረሳሁልህ እንድታውቅ ብዬ ... ላቱን ሰጠሁህ።»

«ስንቱን?» አሉ ሻለቃ ባሻ።

«ሁሉንም።»

«ሙሉ ላት?!»

«እንግዳዬ ነው! ለእንግዳ ግማሽ ይሰጣል?»

በር ላይ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ዶክተር ሳሊሃ የግሉኮስ ከረጢት አቅፋ ቆማለች፤ ዓይኖቿ ከማስኩ በላይ ፈጥጠዋል።

«ምን አላችሁ? አንድ ላት ተኩል?!»

«ቆሽቱ እንዳይቆጣ ብለን ነበር» አሉ ሻለቃ ባሻ።

«አባቶቼ፣ ቆሽት እኮ ከጨጓራ ሥር ያለ ዕቃ ነው! ቅባት የሚፈጭ ዕቃ። ተቆጣ ማለት አበጠ፣ ቆሰለ ማለት ነው፤ ማንንም አልተቀየመም። እስቲ በጾሙ ምን ይበላ ነበር?»

«እኛ የምንበላውን። ሽሮ፣ ጎመን። ውሻውም አብሮ ይጾማል፤ እኛ ቤት ያልጾመ አይገድፍም።»

ዶክተር ሳሊሃ ግንባሯን ያዘች። «ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሽሮ፣ ከዚያ በአንድ ማለዳ አንድ ላት ተኩል! ሰው እንኳ ሲገድፍ አስቀድሞ ሆዱን በተልባ ያለሰልሳል። ለእሱ ተልባ ማን ሰጠው?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ተልባ ለውሻ መስጠት በሰባት ትውልዳቸው ያሰበው አልነበረም።

«ሌላ ቤትስ ሄዷል?»

ወይዘሮ ዱርሲቱ ዘንድ ተደወለ፤ ድምፁም ለሁሉ እንዲሰማ ተከፈተ። ወይዘሮ ዱርሲቱ በአጥር በአጥር እየተጣሩ ጠየቁ፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከላይኛው ቤት የተከራየው ወንዳፍራሽ የጎድን ጮማ፣ ከእሱ አጠገብ ያለችው ማርያማዊት የዶሮ ቆዳና ቅቤ ያረፈበት እንጀራ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውም ቤት፣ ከዚያ ወዲህ ያለውም ቤት፤ አልሰጠሁም የሚል ጠፋ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «እንግዳ ስላልነበረን።» በመጨረሻ የራሳቸው ተራ ደረሰ።

«ሻለቃ ባሻ» አሉ ወይዘሮ ዱርሲቱ፤ «እኔም እኮ ... እርስዎ ሳያዩኝ የወጡን ቅባት ...»

ሰው ወደ ሰው መሄድ በቀረበት ፋሲካ፣ አጋፋሪ ብቻ ቤት ለቤት ዞሮ እንኳን አደረሳችሁ ብሏል፤ መንደሩም ለወንድም ለእህት፣ ለአበልጅ ለአማች ያሰበውን ጉርሻ ሁሉ እሱ አፍ ውስጥ አስቀምጧል። እንደ ልማዱ እንግዳ ወደ ማዕድ የሚያስገባ ሹም፣ እንግዳው ሲጠፋ የመንደሩን ሁሉ ግብር ለብቻው በላ። በፍቅር የተሰጠው ጉርሻ ተደምሮ ሊገድለው መድረሱን ሲያውቁ፣ ሻለቃ ባሻ በቆሙበት ግድግዳውን ተደገፉ።

«መርዝ አበላኸው ብዬህ ነበር» አሉ።

«አብልቼዋለሁ እኮ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

«አብልተነዋል።»

የግሉኮሱ መስቀያ ለላም የተሠራ ነውና ለጠረጴዛው አልደርስ አለ። ኦቦ ኢቲቻ ዱላቸውን ሰጡ፤ ከረጢቱ በዱላው ጫፍ ታሰረ፤ ሻለቃ ባሻ የሺጥላም እንደ ስማቸው፣ በመኳንንት ራስ ላይ ጥላ እንደሚይዝ አሽከር፣ ከውሻቸው በላይ ይዘው ቆሙ። ሲደክማቸው ኦቦ ኢቲቻ ይቀበላሉ፤ ኦቦ ኢቲቻ ሲደክሙ መልሰው ይቀበላሉ። ሐኪሟ የሕመም ማስታገሻና ማስመለሱን የሚያቆም መርፌ ሰጠችው፤ ማታ ማታ በጓዳዋ እያሳደረች፣ ሁለቱ ጠዋት ጠዋት በጋሪ እየመጡ ዱላውን ያዙ።

ማክሰኞ ድዱ ነጣ። የሻለቃ ባሻን ድምፅ ሰምቶ ጆሮውን ማንሣት ተወ። ዶክተር ሳሊሃ የልቡን ምት አዳምጣ መስሚያውን ከጆሮዋ አወረደች።

«ያለኝን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ፣ አባቴ። ወጣት ቢሆን አልፈራም ነበር። ከዚህ በላይ እንዳይሠቃይ ማሰብም ሊያስፈልገን ይችላል።»

ሻለቃ ባሻ የተባለው ገባቸው። ዱላውን በሁለት እጃቸው ይበልጥ ከፍ አደረጉት። «እስከ ነገ» አሉ፤ «እስከ ነገ ብቻ ተይልኝ።» ኦቦ ኢቲቻም ዱላውን ከእጃቸው ተቀበሉ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። የገመዱ ወጣት ነበር፤ ተረኝነቱን ጨርሶ፣ ማስኩን አስተካክሎ፣ በሩ ላይ በአክብሮት ቆመ።

«ይቅርታ፣ አጋፋሪ እንዴት ዋሉ?»

ውሻው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ጭራው ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታ። ከዚያ፣ ሐኪሟም ሁለቱ ሽማግሌዎችም ትንፋሻቸውን ውጠው እያዩ፣ በተንቀጠቀጡ እግሮቹ ተነሣ፤ አንገቱን አስግጎ የወጣቱን የእጅጌ ጫፍ በጥርሱ ያዘ፤ ወደ ውስጥም ሳበው። ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ፣ ሻለቃ ባሻ አጠገብ አቆመው። ከዚያም ደክሞት ተኛ።

ወጣቱ እጅጌውን አየ፤ ደንግጦ፣ «ምን ማለት ነው?» አለ።

«ግባ ማለቱ ነው» አሉ ሻለቃ ባሻ፤ ዕንባቸውም በማስካቸው ውስጥ ወረደ። «ሥራ ገብቷል።»

ዶክተር ሳሊሃ የፈረደችበት ፍርድ ግን ጽኑ ነበር፤ ቅባት የሚባል ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንዳይቀምስ፤ ሩዝ በውኃ ተቀቅሎ፣ ስብ የሌለው ሥጋ ጥቂት በጥቂት።

«ፍልሰታ ሲፈታስ?» አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

«ሁልጊዜ።»

«ፋሲካስ?»

«ፋሲካንም። እኔም በዚህ ሳምንት ረመዳን እጀምራለሁ፤ ግን እኔ ማታ አፈጥራለሁ። እሱ ማፍጠሪያም የለውም።»

ከዚያ ወዲያ አጋፋሪ በበዓል ቀን ሲወጣ ወይዘሮ ዱርሲቱ አንገቱ ላይ ካርቶን ያንጠለጥሉለት ነበር፦ «ጾመኛ ነኝ፤ አታስገድፉኝ።» ያን ያነበበ ሁሉ በእጁ የያዘውን ጮማ ይደብቃል፤ ካርቶኑን አይተው እነሱም ሥጋ የተዉ ሰዎች ነበሩ ይባላል፤ ይኼኛው እንኳ ሳይጋነን አልቀረም።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር፣ እንግዳ እንደ ወትሮው በየቤቱ መግባት ከጀመረ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አጋፋሪ በሹመቱ ቦታ፣ በበሩ ላይ፣ በእንቅልፉ ሞተ። ሻለቃ ባሻ አካፋ ቢያነሡ እጃቸው እምቢ አለ። ሳይጠሩ የመጡት ኦቦ ኢቲቻ ናቸው፤ አካፋቸውን በትከሻቸው አድርገው በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ።

«እቀብረዋለሁ ብዬ ምዬ የለም?» አሉ።

«ምለሃል።»

«እንግዲያ ፈቀቅ በል።»

የገፈርሳ ውኃ ከሚታይበት ከባሕር ዛፉ ሥር ጥልቅ አድርገው ቆፈሩ፤ መጪውን እንዲያይም ፊቱን ወደ መንገዱ አዙረው አስተኙት፤ አፈሩን ሲመልሱ ኦቦ ኢቲቻ ቀና አላሉም።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል፤ ስንት ሰው እንደ ተመረመረ፣ ስንት ሰው እንዳረፈ፣ አዋጁ መቼ ተነግሮ መቼ እንደ ተነሣ። ይህ ሁሉ መጻፍ የሚገባው ነው፤ የሞተው ሰው ነውና። ያን ፋሲካ በቡራዩ ዳርቻ ማን ብቻውን በላ፣ ማንስ በሩ ላይ መጣለት የሚለውን ግን የጠየቀ ጸሐፊ የለም፤ መንደሩ ይዞ የቀረው አንዲት አባባል ብቻ ነው። ሰው በግድ ሲጎርስ፣ «ኧረ ተዉኝ፣ የአጋፋሪን ቆሽት አታድርጉኝ!» ይላል። አዲስ የገቡት ተከራዮችም ተቀብለውት ይሉታል።

በቅርቡ ሻለቃ ባሻና ኦቦ ኢቲቻ በሚኒባስ ወደ ከተማ ሲወርዱ፣ ከፊታቸው የተቀመጠ ጎልማሳ ለጓደኛው ሲያስረዳ ሰሙ።

«አጋፋሪ ማለት የድሮ ባላባት ነው። እዚሁ ገፈርሳ ነበር አሉ ግዛቱ። ፋሲካ ላይ በማዕድ ቦታው ሌላ ሰው ቢያስቀምጡበት፣ ቆሽቱ አርሮ ሞተ።»

«ወይ ጉድ! ኩሩ ሰው ነበር ማለት ነው።»

«ኧረ የሚገርም ሰው! መቃብሩ ሁሉ አለ ይላሉ፣ ከውኃው በላይ።»

ሻለቃ ባሻ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ሊያርሙ ከመቀመጫቸው ሲነሡ፣ ኦቦ ኢቲቻ በኮታቸው ጫፍ ይዘው መልሰው አስቀመጧቸው፤ ልክ ያ ውሻ እንግዳን ይዞ ያስቀምጥ እንደ ነበረው።

«ተወው» አሉ፤ «ሹመቱ ይገባዋል።»